ጋሽ አንዴና ቀዩ ነጥብ

ሰፈራችን ውስጥ ጉርድ ፎቶ የሌለው ሰው ካለ ወይ ገና አልተወለደም ወይ ከጋሽ አንዴ ጋር ተኳርፏል።

እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ደንበኛ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አገጩን በሁለት ጣታቸው ቀና ያደርጉና «አንዴ ብቻ ነው፤ እንዳትጨፍን» ይላሉ። ከዚያ ቀጭ! አለቀ። የጨፈነ ጨፍኖ ይቀራል። «ጋሼ፣ እባክዎ ይድገሙልኝ» ያላቸው እንደሆነ «ምኑን ልድገመው? ፊትህ እንደሆነ ያው ነው» ብለው ቀጣዩን ይጠራሉ። አንድ የመጋዘን ዘበኛ ዓይኑን ጨፍኖ የተነሳውን ፎቶ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲሠራ ኖሮ፣ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ «ዘበኛው ተኝቷል» ሲባል ከረመ።

ሥራውን የተማሩት ከታላቅ ወንድማቸው ነው። ያኔ ፊልም ውድ ነበር፤ አንዲት ፍሬ ባባከኑ ቁጥር ወንድምየው ጆሯቸውን ይዞ ያዞራቸዋል። ፊልም ቀረ፤ ጨለማ ክፍላቸው የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ሆነ፤ እሳቸውም እንደ ሰው ዲጂታል ካሜራ ገዙ። ካሜራው ተለወጠ እንጂ ጣታቸው አልተለወጠም። ደግሞም የሰው ፊት አይደመስሱም። ሚሞሪ ሲሞላባቸው አውጥተው በድሮ የፊልም ቆርቆሮ ይከቱትና መደርደሪያ ላይ ይሰቅሉታል። ከሁሉም የሚወዱት አንድ ጥግ ጥጉ የተፈገፈገ አሮጌ ሚሞሪ ነበራቸው፤ «ታማኜ» ይሉታል። ለትልቅ ጉዳይ፣ ለሠርግና ለምረቃ፣ ሥዕሎቹን ወደ ኮምፒውተር ገልብጠው ያንኑ ይዘው ይወጣሉ።

ይህን ሁሉ የማውቀው ከመውለዴ በፊት እሳቸው ጋር ጉርድ ስቆርጥ፣ ፕላስቲክ ሳለብስ ስለነበር ነው። ከፎቶ ቤቱ በስተጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ሳንቃ ነው፤ እሳቸው ሲያስነጥሱ እኔ «ይማርዎት» እላለሁ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ሲወጣ ከሳምንታት በኋላ ነው የሚመለሰው። ደህናው ስልክ ከእሱ ጋር ይሄዳል። እኔ ዘንድ የቀረው ቁልፉ የተላጠ፣ ከመደወልና ባትሪ ከማብራት ሌላ ሥራ የማያውቅ ስልክ ነው።

ልጃችን ሚጢ ጭንቅላቷን አቅንታ መያዝ፣ ሳቅ ብላ ድድዋን ማሳየት ጀምራ ነበር። ጋሽ አንዴ በሳንቃው በኩል «አንዴ ብቻ ነው!» ሲሉ ከሰማች እግሯን እያወራጨች ትፍለቀለቃለች። «ይቺ ልጅ ቀልድ ገብቷታል፤ እናንተ ናችሁ ያልገባችሁ» ይሉናል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከእንቅልፏ ነቃች፤ የልብስ ገመዱ ላይ ሆኜ ድምፅዋን ሰምቼ ገባሁ። ሁለቱም ክንዶቿ በአንድ ጊዜ ወደ ጎን ተዘረጉ፣ ጭንቅላቷ ወደ ደረቷ ወረደ። እንደደነገጠ ሰው። ከዚያ ለቀቃት። ትንፋሽ እስክወስድ ድረስ እንደገና። ዓይኖቿ ወደ ላይ ሸሽተው ነጩ ይታያል። ለቀቃት፤ እንደገና። ሲያበቃ አለቀሰች፤ ለቅሶዋም የእሷ አይመስልም ነበር።

አማቴ «ሕልም ነው» አሉ። አብረውን የሚኖሩ፣ ስድስት ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። «ሕፃን ልጅ በሕልሙ ይወድቃል።»

በማግስቱም ስትነቃ መጣ። «ስቅታ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ «ሆዷን ነፍቷት ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ምንም ማለት ተዉ። ስትተኛ ሁለታችንም አጠገቧ ተቀምጠን ዓይን ዓይኗን እናያለን። ድሮ እንቅልፍ ሲወስዳት ደስ ይለኝ ነበር፤ ልብሴን አጥባለሁ፣ እግሬን እዘረጋለሁ። አሁን መተኛቷን ፈራሁ፤ የተኛ ሰው መንቃቱ አይቀርማ።

ሌላም ነገር ነበር፤ ለአማቴ አልነገርኳቸውም። ጋሽ አንዴ በሳንቃው በኩል ሲጮሁ ሚጢ መሳቅ ትታለች።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ሰው ስታዳምጥ እስክሪብቶዋን የምታስቀምጥ ዓይነት። ሚጢ ግን እዚያ ስትደርስ ጨዋ ሆና ቁጭ አለች። ሐኪሟ እጇን፣ እግሯን፣ ዓይኗን አየች፤ እኔ እንዴት እንደምትሆን በራሴ ክንድ እያሳየሁ ነገርኳት።

«የምትነግሪኝ ነገር ደስ አላለኝም» አለችኝ። «ግን ብዙ ነገር ይመስላል። ድንጋጤም ሊሆን ይችላል፣ የሆድ ቁርጠትም፣ ሌላም።»

«ሌላው ምንድን ነው?»

«ሌላው ከሆነ ከአንጎል ነው የሚመጣው። የለመደችውን አንድ በአንድ ይወስድባታል። መሳቅ፣ ሰው ማየት...»

ሐኪሟም ፊቴን አይታ ገባት መሰለኝ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።

«ስሚኝ። ምርመራው ያለው ትልቁ ሆስፒታል ነው፤ ወረፋው ወራት ይፈጃል። ያን ያህል መጠበቅ የለባትም። መድኃኒቱ ደግሞ ከባድ ነው፤ እኔ በወሬ አልጀምረውም። ሲመጣባት በቪዲዮ ቅረጪልኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ፣ ዓይኗ በደንብ እየታየ። ያንን ካመጣሽልኝ እኔው ደውዬ አስገባታለሁ። ቶሎ ግን። በዋለ ባደረ ቁጥር ነው የሚከብደው።»

ቤት ስደርስ ሳንቃውን አንኳኳሁ።

ጋሽ አንዴ ደንበኛቸውን ወንበሩ ላይ ትተው መጡ። ሁሉንም ከሰሙ በኋላ ሄደው ካሜራውንና ባለሦስት እግር ማቆሚያውን አመጡና አልጋው ራስጌ ተከሉት። ታማኜን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው እፍ ብለው አስገቡት። ሚጢ ስትነቃ ያ ነገር መጣ። እሳቸው ምን አደረጉ? ቀጭ! አንዴ።

«ጋሼ! ቪዲዮ እኮ ነው ያለችው!»

«እጄ ነው፤ እኔ አይደለሁም» አሉ፤ ፊታቸው አመድ መስሎ።

ፎቶውን አየነው። ሚጢ ክንዶቿን ዘርግታ፣ አገጯን ወደ ደረቷ አድርጋ፣ ልክ አንሱኝ እንደምትል ልጅ ሆና ተጋድማለች። አማቴ «ስታምር!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ታምር ነበር። እኔን ከሁሉም የበለጠ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ጋሽ አንዴ ካሜራውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ፎቶ ቤት፣ ከመደርደሪያው በላይ ያለችውን ልጅ ታውቂያታለሽ?» አሉኝ። አውቃታለሁ። ነጭ ኮሌታ ያላት፣ ወንበር ላይ የተቀመጠች ትንሽ ልጅ ናት። ለማስታወቂያ የሰቀሏት ነበር የሚመስለኝ።

«እህቴ ናት። እሷም ትበረግግ ነበር። ሰው ሲንሾካሾክ እናቴ ያችን ፎቶ እያወጣች ‹ይኸው፣ ልጄ ደህና ናት› ትላለች። ሐኪም ዘንድም ፎቶዋን ይዛ ሄደች። አየው፤ ደህና ናት አለ።»

«ማን ነው ያነሳት?»

«ታላቅ ወንድሜ። አንዴ።» ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነች አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

በሚቀጥለው ጊዜ ቪዲዮ ቀረጹ። ሲቀርጽ ስክሪኑ ጥግ ላይ ቀይ ነጥብ ይበራል። የመጀመሪያው ብርገጋ ሊመጣ ሲል፣ ክንዷ ገና መነሳት ሲጀምር፣ ቀዩ ነጥብ ጠፋ። ካሜራው ቆመ። እንደገና ተጫኑት፤ የሚሽከረከር ምልክት አሳይቶ ቆየ፤ በመጨረሻ ነጥቡ በራ፤ ትንሽ ቀርጾ ጠፋ። ሲያልቅ የተቆራረጠ ቪዲዮ ቀረን። በእያንዳንዱ ቁራጭ ሚጢ ዝም ብላ ጣራ ታያለች። ብርገጋው ሁሉ ነጥቡ ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ ነው ያለፈው። ያ ነገር ካሜራው ዓይኑን እስኪከድን ጠብቆ የሚመጣ ይመስል ነበር።

ባትሪ ቀየሩ። ያው ነው። ሚሞሪውን በሸሚዛቸው ጠረጉት። ያው ነው። አማቴ «ካሜራውም ደንግጧል» አሉ፤ ማንም አልሳቀም። ጥራቱን ዝቅ አድርገው ሞከሩ፤ እውነትም ሳይቆም ቀረጸ፤ ግን የልጄ ዓይኖች ሁለት የደበዘዙ ነጠብጣቦች ሆኑ። ሐኪሟ የፈለገችው ደግሞ ዓይኗን ነው።

«ካሜራው አርጅቷል» አሉ ጋሽ አንዴ።

«ካሜራው እኮ ገና አምና የለወጡት አዲስ ነው፣ ጋሼ። ያረጀው ታማኜ ነው።»

አላመኑኝም፤ ግን ኮታቸውን ለበሱ። ሚጢን አቅፌ ተከተልኳቸው። አማቴ በር ላይ ቆመው «በመንገድ ላይ ከተኛች አትቀስቅሷት» አሉ። ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡን አንጠልጥሎ ነበር።

የኤሌክትሮኒክስ ሱቋ ከአንድ መኝታ ክፍል አትሰፋም፤ ግድግዳዋ በቻርጀርና በገመድ ተሸፍኗል። ባለ ሱቋ ማስቲካ እያኘከች ታማኜን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቤተ መዘክር ነው የሚገባው።»

«ታማኝ ነው።»

«ታማኝማ ነው፤ እግሩ ነው የከበደው። የእርስዎ ካሜራ ቪዲዮ ሲቀርጽ እንደ ቧንቧ ያፈሳል። የዚህ አፉ እንደ ሽቶ ጠርሙስ ነው። መዋጥ ሲያቅተው ካሜራው ጠብቆ ጠብቆ ይዘጋል። ፎቶ ለማንሳት፣ ለዚያውም እንደ እርስዎ አንዴ ለሚያነሳ ሰው፣ ይበቃል።»

«ታውቂኛለሽ እንዴ?»

«መታወቂያዬ ላይ አስነጥሼ የተነሳሁት ማን ጋር ሆነና!»

ጋሽ አንዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። «እንግዲያው ትልቁን ስጪኝ። ብዙ ጊጋ ያለውን።»

ይህን ስህተት የሚሠሩት እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ እኔም ልለው ነበር። ባለ ሱቋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ጊጋው የመጋዘኑ ስፋት ነው። መጋዘኑ ቢሰፋ በሩ ጠባብ ከሆነ ምን ይሠራል? እናንተ የምትፈልጉት በር ነው።»

ከመስታወት ባንኮኒው ሥር አንድ አወጣች። ላዩ ላይ በትልቁ የፍጥነት ቁጥር ተጽፎበታል። ጋሽ አንዴ እጃቸውን ሰደዱ፤ እሷ ያዘችው። «ቆዩ! ይሄ ትልቁ ቁጥር ሰው የሚሸወድበት ነው። ከሚሞሪው ወደ ኮምፒውተር ሲወጣ ያለው ፍጥነት ነው። ሲገባ ሌላ ነው። የሚገባውን ለማወቅ ይቺን ደቃቃ ምልክት እዩ፤ ‹ቪ› የምትል ፊደል ከጎኗ ሠላሳ። ቪዲዮ ላይ ከዚያ በታች አልወርድም ማለቷ ነው።»

«ከሠላሳም የበለጠ አለ?» አልኩ።

«አለ። ግን የጋሼ ካሜራ ከዚህ በላይ አያፈስም፤ የቀረው ጌጥ ነው።»

ሚጢ ክንዴ ላይ ተኝታ ነበር። ትንፋሿን በአንገቴ እየሰማሁ፣ ይህችን ጥፍር የምታክል ፕላስቲክ አየሁ። ማሸጊያ ላይ ማንም የፈለገውን ይጽፋል። ቤት ወስጄ፣ ጠብቄ፣ ያ ነገር መጥቶ፣ ቀዩ ነጥብ ቢጠፋስ?

«እዚሁ እንሞክረዋለን» አልኩ።

«እህቴ፣ ከተከፈተ በኋላ...»

«እዚሁ!» ድምፄ ከፍ ብሎ ራሴን አስደነገጠኝ። ባለ ሱቋ ልጄን አየች፣ እኔን አየች፣ ማሸጊያውን ቀደደችው።

ጋሽ አንዴ አስገቡት፤ ካሜራው «ሁሉም ይደመሰሳል፣ ይቀጥል?» ብሎ ጠየቀ። ባዶ ሚሞሪ መሆኑን እያወቁ እንኳ ጣታቸው አመነታ። ከዚያ ተጫኑ፤ ወደ በሩ ዞረው መንገዱን መቅረጽ ጀመሩ። መኪና፣ ጃንጥላ፣ ካርቶን ራሱ ላይ ያደረገ ሰው። ዝናቡ ጀምሯል። ቀዩ ነጥብ በራ፤ በራ፤ ጠፋ።

«ይሄ አስመስለው የሠሩት ነው» አለች ባለ ሱቋ፤ ጆሮዋ ቀላ። «ለአከፋፋዩ ፊቱ ላይ ነው የምወረውርለት።» ከኋላ ሌላ ሣጥን አወጣች፤ ሌላ ፋብሪካ የሠራው፣ ያው ቪ፣ ያው ሠላሳ። ጋሽ አንዴ እንደገና መንገዱን ያዙ። በራ። ጃንጥላዎች አለፉ፤ አውቶብስ ቆሞ ሄደ። አሁንም ይበራል። አንዲት መንገድ ጠራጊ ካሜራውን አይታ መጥረጊያዋን አነሳችላቸው።

«ጋሼ፣ በቃዎት፤ ሙሉ ፊልም ሊሠሩ ነው እንዴ?» አለች ባለ ሱቋ።

ክንዴ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሚጢ ነቅታለች። አፏን ያን የማውቀውን ዓይነት አጣመመችው።

«ጋሼ።» ከዚያ በላይ አልወጣልኝም።

ዞሩ። ካሜራውን ሳያጠፉ ዞሩ። ነጠላዬን መስታወቱ ላይ አንጥፌ፣ ከበሩ የሚገባው ብርሃን ፊቷ ላይ እንዲያርፍ አድርጌ አስተኛኋት። መጣ። ክንዶቿ ተዘረጉ፣ አንገቷ ወረደ። እጄ ሳላዘው ሊያቅፋት ሄደ።

«አትቀፊያት!» አሉ ጋሽ አንዴ። «እጅሽን አንሺ። ይታይ ልጄ፣ ይታይ።»

እጄን አነሳሁ። ልጄን ለቅቄ ቆምኩ። ማየት ያለብኝ እሷን ነበር፤ እኔ ግን የማየው ስክሪኑ ጥግ ያለውን ነጥብ ነው። እንደገና መጣባት። ነጥቡ በርቷል። እንደገና። ዓይኖቿ ወደ ላይ ሸሹ፤ በርቷል። የባለ ሱቋ መንጋጋ ማኘኩን አቁሟል። ከዝናቡ በቀር ድምፅ የለም። እንደገና። በሕይወቴ አንድን ነገር እንዲህ ለምኜ አላውቅም፤ የለመንኩትም እንዲያቆም አልነበረም። ነጥቡ እንዳይጠፋ ነበር።

አለቀሰች። ያኔ አነሳኋት።

እኚያ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያነሱ ሰው አሁንም እየቀረጹ ነበር። «አልቋል፣ ጋሼ» ብላቸውም «ተመልሶ ቢመጣስ?» ብለው አላወረዱትም። እንባቸው በጢማቸው ይወርዳል።

ከሱቅ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄድን። ሐኪሟ አንዴ እስከ መጨረሻው አየችው። ተነስታ በሩን ዘጋችና ስልኩን አነሳች። «ዛሬ» ስትል ሰማኋት። «ነገ አይደለም፤ ዛሬ።»

«ደህና ትሆናለች?» አልኳት ስልኩን ስታስቀምጥ።

«ሳይዘገይ ነው የመጣሽው ብዬ አስባለሁ። ከዚያ በላይ ዛሬ ልነግርሽ አልችልም።» አልሳቀችም። አለመሳቋ ተሻለኝ፤ በውሸት ከሚስቅ ሰው በእውነት የማይስቅ ይሻላል።

ትልቁ ሆስፒታል ጭንቅላቷ ላይ ሽቦ ለጥፈው መረመሯት። ሐኪሟ የፈራችው ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱ ተጀመረ። መድኃኒቱ ፊቷን አሳበጠው፣ ነጭናጫ አደረጋት፣ እንቅልፏን አዛባው። ባለቤቴ መንገድ ላይ ሆኖ ሲደውል «ትስቃለች?» ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። «ገና» እለዋለሁ። የሞተሩን ድምፅ ብቻ እሰማለሁ።

ሚጢ በነቃች ቁጥር እንድቀርጽላት ሐኪሟ አዛለች። ስለዚህ ካሜራው አልጋው ራስጌ ተተክሎ ቀረ። ጋሽ አንዴ በውሰት ካሜራ ነው የሚሠሩት፤ ታማኜንም ለጉርድ መልሰው አስገብተውታል። የእኔን ሚሞሪ ቆርቆሮ ውስጥ አልከተቱትም፤ «የሱ ሥራ አላለቀም» አሉ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያው ነበር። ከዚያ ብርገጋው ሳሳ። ከዚያ ምንም ያልተፈጠረበት አንድ ቪዲዮ ቀረጽኩ። ሚጢ ነቃች፣ አዛጋች፣ ጡጫዋን አፏ ውስጥ ከተተች፤ አለቀ። ከዚያ ሌላ እንደሱ ያለ። ከዚያ ደግሞ አንድ ክፉ፣ አጭር። ሐኪሟ «ገና ነው፤ አትቸኩዪ» አለች። አልቸኩልም። ግን ስትነቃ ሁሉ ትንፋሼን የምይዝ ሴት ሆኛለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ስትነቃ እየቀረጽኩ ነበር። በሳንቃው ማዶ ጋሽ አንዴ ለአንድ ደንበኛ «አንዴ ብቻ ነው! እንዳትጨፍኚ!» ብለው ጮኹ። ሚጢ ጭንቅላቷን ወደ ሳንቃው አዞረች። የከንፈሯ አንዱ ጥግ የሆነ ነገር አደረገ። እኔ እሱን ፈገግታ ነው ብዬ አልምልም። አማቴ ማሉ። ጋሽ አንዴን ጠራኋቸው፤ ደንበኛዋን ወንበር ላይ ትተው፣ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው እየጠረጉ መጡ፤ ሚጢን መልሶ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ካሜራው ላይ ከፍቼ አሳየኋቸው። አንገታቸውን አስግገው እስከ መጨረሻው አዩት።

«ድገሚው» አሉ።

ደገምኩት።

«ድገሚው እስቲ።»

ሦስተኛውን ሳንጨርስ ከአልጋው ልትነቃ ስትል የምታሰማው ድምፅ መጣ። ካሜራውን ወደ ፊቷ አዞርኩትና ተጫንኩ። ቀዩ ነጥብ በራ።